ቱቦላሬው ዙሪያ፣ ላሜራው ስፋት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዛሬም ወሬው ቲቸር ነው። ልጄ ሶስና አራተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ እቤታችን ሌላ ስም አይጠራም።

ባለፈው እሑድ «ዙሪያና ስፋት አልገባኝም» ብላ ስታለቅስ ብየዳ ቤቴ ወስጄ ያልተጨረሰ በር አሳየኋት። «በሩን የሚዞረው ቱቦላሬ ዙሪያው ነው፤ ፊቱን የሚሸፍነው ላሜራ ደግሞ ስፋቱ» አልኳት። አዛጋች።

ዛሬ ከትምህርት ቤት እየበረረች መጣች። ቲቸር ሜዳ አውጥቷቸው መሬት ላይ በገመድ የበር ቅርጽ ሠርተዋል፤ ውስጡን በካርቶን ሸፍነው ካርቶኑን ቆጥረዋል።

«አባዬ፣ ገመዱ ቱቦላሬ ነው፣ ካርቶኑ ላሜራ! ቲቸር ሲያስረዳ እኮ ወዲያው ነው የሚገባህ!»

«ቱቦላሬ የሚለውን ማን ነገረው?»

«እኔ።»

«አባቴ ነው ያስተማረኝ አልሽው?»

ትንሽ አሰበች። «ረሳሁት። ግን ነገ እውነተኛ ላሜራ አመጣለሁ ብዬዋለሁ። ሁሉም አጨበጨቡ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ የአቃቂን በር የበየድኩት እኔ፣ የሚጨበጨበው እዚያ። ሰው በልጁ አስተማሪ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። ለማንም ግን አልናገርም።

አንድም ቁራጭ አልሰጥም ብዬ ነበር። ከዚያ ተነስቼ አሥራ ሁለት ላሜራ እኩል እኩል ቆረጥኩ። የልጆቹን እጅ እንዳይቆርጥም ጠርዙን አንድ በአንድ ሞረድኩት። በመጨረሻው ጀርባ ላይ ስሜን በጠመኔ ጻፍኩ።

ጠመኔ ይጠፋል። በብየዳ ደገምኩት።