ጣቱን አትቁረጡት፦ የጋሽ አትነቃነቁ የሕይወት ታሪክ

አጎታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ አትነቃነቁ ብሎ የሚጠራቸው ፎቶግራፍ አንሺና መምህር፣ ከአናጢው አባታቸውና በሆስፒታል አንሶላ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከእንጨት መሰንጠቂያው በላይ በነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እናታቸው፣ "ከታች መጋዙ ይጮህ ስለነበር ለቅሶውን የሰማው ሰው የለም" ይሉ ነበር። በኋላ ግን ድምፃቸውን ያልሰማ የሰፈር ሰው አልተገኘም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ አባታቸው ሲታመሙ አቋረጡ። በ1959 ዓ.ም. በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ወለል ከመጥረግ ጀመሩ። ቀስ በቀስ ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ፤ በቀይ አምፑል ሥር ፊልም ማጠብና ፎቶ ማተም ተማሩ። የሰው ፊት ከነጭ ወረቀት ላይ ብቅ ሲል ማየት ዕድሜ ልካቸውን አልሰለቻቸውም። በ1966 ዓ.ም. የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። ከደንበኛው ጀርባ የሰቀሉት ነጭ መጋረጃ እናታቸው የሰጧቸው አንሶላ ነበር። ደንበኛው ከአንሶላው ፊት ሲቀመጥ "አትነቃነቁ!" የሚሉት ጩኸት በመንገድ የሚያልፈውን ሳይቀር ያስቆም ነበርና ስማቸው በዚያው ቀረ።

በ1969 ዓ.ም. ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ለመነሳት የመጡትን ልብስ ሰፊ አገቡ። በዚያ ቀን ፎቶው ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ ተደግሟል። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ፣ "እኔ እኮ አውቄ ነው የተነቃነቅኩት፤ እሱ ነው ያልገባው" ይላሉ። በትዳራቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ሰው ሁሉ ካሜራ በኪሱ ይዞ መዞር ሲጀምር የፎቶ ቤቱን በር የሚከፍት ጠፋ። በ2000 ዓ.ም. አንሶላውን አጥፈው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡና ቤቱን ዘጉ። ልጃቸው እንዳይከፋቸው ብሎ ዲጂታል ካሜራ ገዛላቸው። በመጀመሪያው ቀን ማብሪያውን ሲፈልጉ ጥቂት ቆዩ። ልጃቸው፣ "አባዬ፣ አምጣው በቃ፤ አንተ አትችለውም" ብሎ ከእጃቸው ነጠቃቸው። አጎታችን ለሳምንት ያህል ከልጃቸው ጋር አልተነጋገሩም። ይህ ነገር እዚህ እንዲጻፍ የጠየቀው ልጃቸው ራሱ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ብርሃን ሲያጠኑ የኖሩ ሰው፣ አንዲት ማብሪያ ስላጡ ብቻ አትችለውም ተባሉ። ይህ የእሳቸው ብቻ ዕጣ አልነበረም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ስልክ ይዘው ሲቸገሩ ባየን ቁጥር ከእጃቸው እየነጠቅን፣ መንጠቃችንን መርዳት ብለን ጠርተነዋል። ያነሱትን ፎቶ ደብዝዟል እያልን፣ ቦታ ይይዛል እያልን፣ ሳንጠይቃቸው አጥፍተናል። ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ ከቆምነው መካከል ከዚህ የነጻ ካለ ይኩራ።

አጎታችን ካሜራውን ብቻቸውን ለመዱት። በ2003 ዓ.ም. ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ለምነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ለአረጋውያን የዲጂታል ፎቶግራፍ ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። ካሜራ ያለው ካሜራውን፣ ስልክ ያለው ስልኩን ይዞ ይመጣ ነበር። ክፍሏ ረጅም ጠረጴዛና በስተ ምሥራቅ ትልቅ መስኮት ነበራት። የትምህርቱ ሕግ አንድ ነበር፤ የተማሪን ካሜራ ከተማሪው በቀር ማንም አይነካም። ይህን ሕግ እንዳይጥሱ መጀመሪያ የጠረጠሩት ራሳቸውን ነውና፣ ገና ከበሩ ሲገቡ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በካሜራ ማንጠልጠያ ያስሩ ነበር። እጃቸው ታስሮ በአፋቸው ብቻ ያስተምራሉ። "አምጪው" ወይም "ስጠኝ" ያለ ሰው ከክፍሉ ይወጣል። ወላጁን ሊወስድ የመጣ ልጅ እጁን ወደ ስልኩ ከሰደደ፣ "እጅህን ወደ ኋላ!" የሚለው ጩኸት ያው የድሮው ጩኸት ነበር።

ያስተማሩት ነገር ሌላ ቦታ አይገኝም። ፎቶው የሚደበዝዘው በዓይናቸው ድካም የመሰላቸውን፣ ሌንሱ ላይ የጉንጫቸው ቅባት እንዳለ ነግረው በመሀረብ አስጠረጉ። ስልኩ ጣቴን አላውቅ አለኝ ያሉትን፣ ጣታቸው በዕድሜ ስለደረቀ እፍ እያሉበት እንዲነኩ አሳዩ። እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን፣ ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ካሜራው ትንሽ ታግሶ እንዲያነሳ ማዘዝን አስተማሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አትነቃነቁ ሲሉ የኖሩት ሰው በእርጅናቸው፣ "ተነቃነቁ፣ ግድ የለም፤ እሱ ይጠብቃችኋል" ይሉ ጀመር።

ክፍሉ ሳቅ አያጣም ነበር። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ያነሱት ሰው ሁሉ ራስ የሌለው ስለሆነ አንገት ቆራጩ ተባሉ። "ሹፌር ነኝ፤ መንገዱን እንጂ ሰማዩን አይቼ አላውቅም" ብለው መለሱ። ባለቤታቸውን ደጃፍ ላይ አቁመው አንስተው፣ ከአንገት በላይ የት አለች ሲባሉ፣ "ጫማዋን እዩልኝ፤ እኔ ነኝ የገዛሁላት" አሉ። እማማ አዋላጅ የምንላቸው እናት ደግሞ ባነሱት ሁሉ ጥግ ላይ አውራ ጣታቸው ይገባል። አጎታችን ይህን እንዲያርሙ ደጋግመው ነገሯቸው፤ አልሆነም። በመጨረሻ፣ "ይሁን እትዬ፣ እንደ ፊርማ እንቁጠረው" አሏቸው።

በ2013 ዓ.ም. የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ አስኪያጅ የአረጋውያኑ ፎቶዎች በታችኛው አዳራሽ ለእንግዶች እንዲታዩ ፈቀዱ። ተማሪዎቹ የሚወዱትን እየመረጡ አሳተሙ፤ አጎታችን በገዛ እጃቸው በግድግዳው ላይ ሰቀሉ። የሹፌሩ ባለቤት ጫማ ተሰቀለ። እማማ አዋላጅ በማለዳ ያነሱት የማድቤታቸው መስኮትም ከነአውራ ጣታቸው ተሰቀለ። በዋዜማው ሥራ አስኪያጁ መጥተው አዩና፣ "አባባ፣ ነገ ትላልቅ ሰዎች ይመጣሉ እኮ። ይሄ ዘሟል፣ ይሄኛው ጣት ገብቶበታል። እርስዎ ባለሙያ አይደሉ እንዴ? እንዴት አያፍሩም?" አሏቸው። አጎታችንም፣ "ልጄ፣ ጣት የገባበት ፎቶ ባለቤት አለው ማለት ነው" ብለው መለሱላቸው።

በማግሥቱ ተማሪዎቹ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ሲመጡ ፎቶዎቻቸው በግድግዳው ላይ አልነበሩም። በቦታቸው ቤተ መጻሕፍቱ የቀጠረው ወጣት ባለሙያ ያነሳቸው ትላልቅ ፎቶዎች ተሰቅለው ነበር። የተጨማደደ የአዛውንት እጅ፣ እንደገና የተጨማደደ እጅ፣ ከሥሩም "የዕድሜ ውበት" የሚል ጽሑፍ። የማን እጅ እንደሆነ የተጻፈበት አንድም አልነበረም። የተማሪዎቹ ፎቶዎች በፌስታል ታጭቀው ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ከወለል መወልወያው ጋር ተገኙ። አጎታችን ፌስታሉን ይዘው በእንግዶቹ ፊት ቆሙና፣ "እጃቸውን ፎቶ አነሳችሁ፤ እጃቸው ያነሳውን ግን አወረዳችሁ" አሉ። ከእንግዶቹ አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፤ አንዳንዱም የንግግር ጥበብ መስሎት አጨበጨበ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የክፍሉ ቁልፍ ተቀይሮ ጠበቃቸው። ክፍሉ ለሌላ ሥራ ተፈልጓል ተባለ። ያ ሌላ ሥራ ምን እንደሆነ በመስኮቱ አሻቅቦ ያየ ሁሉ ያውቃል። እስከ ዛሬ ድረስ በውስጡ ያለው የተሰባበረ ወንበር ነው።

አጎታችን ትምህርቱን አላቋረጡም፤ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ በድንጋይ ደረጃው ላይ አስቀጠሉት። ከሳጥናቸው የእናታቸውን አንሶላ አውጥተው በደረጃው መደገፊያ ላይ አሰሩና የፀሐዩን ብርሃን ወደ ሰው ፊት መመለሻ አደረጉት። በብርዱም በዝናቡም ቅዳሜን አልሳቱም። ክፍሉ እንዲመለስላቸው በየጊዜው ቢሮ ለቢሮ ዞሩ፤ በየሄዱበትም "አባባ፣ ቤትዎ አርፈው ቢቀመጡ ምናለ?" ተባሉ። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው እረፍ ማለት ቀላል ነው። የሚያርፍበትን ክፍል ቆልፎ፣ ደረጃ ላይ አውጥቶ እረፍ ማለት ግን ምን እንደሚባል እኛ ቃል የለንም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ሕመሙን በደረጃው ብርድ አላመካኘም፤ እኛም ሐኪም አይደለንምና ያላወቅነውን አንናገርም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው እያሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍቱ ሐዘኑን ገልጾ፣ በአስከሬኑ ፊት እንዲቆም በሚያምር የእንጨት ፍሬም ውስጥ የገባ ትልቅ ፎቶ ላከ። ያ ወጣት ባለሙያ ያነሳው ነው። የአጎታችን ሁለት እጆች አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራ አቅፈው ይታያሉ፤ ፊት የለውም። ለቅሶ የመጣው ሰው ውብ ነው አለ። ባለቤታቸው ግን፣ "የኔ ባል ፊት አለው። ይሄን በመጣበት መልሱልኝ" አሉ። ተመለሰ።

በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለውን ፎቶ ያነሱት እማማ አዋላጅ ናቸው። አጎታችን በደረጃው ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አስረው ይስቃሉ። ጥግ ላይ ያለውን ጣት ማተሚያ ቤቱ ስሕተት መስሎት ቆርጦ አትሞት ነበር፤ መልሰን አሳትመነዋል። ይህን ወረቀት ቤቱ ወስዶ የሚያስቀምጥ ሰውም ጣቱን እንዳይቆርጠው እንለምናለን። ከእኛ ከግማሽ የምንበልጠውን ወደዚህ ዓለም ስንመጣ መጀመሪያ የነካን እጅ ያ ነው። ሥራ አስኪያጁንም የተቀበለው እሱ ነው። እማማ አዋላጅ ይህን ራሳቸው ነግረውናል፤ "ሲወለድ ድምፅ አልነበረውም፤ እግሩን ይዤ መታ መታ ሳደርገው ነው ያለቀሰው" ብለዋል።

ሥራ አስኪያጁ ቀብሩ ላይ እንደሚገኙ አስታውቀዋል። የአበባ ጉንጉን ይቅርብን። ቁልፉን ይዘው ከመጡ ለእማማ አዋላጅ ይስጧቸው፤ የቅዳሜውን ትምህርት የሚቀጥሉት እሳቸው ናቸው። ካላመጡም ደረጃው አለ፣ አንሶላውም አለ።

አጎታችን ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ሁለት እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም ጣታቸውን እፍ እያሉ ፎቶ የሚያነሱ ብዙ ተማሪዎችን ትተው አልፈዋል። አብራችሁን ላዘናችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የእሳቸውንም ነፍስ ፈጣሪ ሰፊ መስኮት ባለበት ቤት ያሳርፍልን፤ በሩንም ማንም አይቆልፍባቸው።

የእህታቸው ልጅ፣ በቤተሰቡ ስም