ስለ ሰባት ቁጥር ክፍል መስኮት የተጠየቅሁት ማብራሪያ

ለምዕራብ ቀጠና የትምህርት ቤት ሕንፃዎች ክቡር ዳይሬክተር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ በአሥራ አንደኛው ፎቅ ያለው የአየር ማቀዝቀዣችሁም ይህን ሞቃት ወር በሰላም እንደተሻገራችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጻፉልኝን ደብዳቤ በክብር ተቀብያለሁ። ፊርማዎ ስምዎን ስለሸፈነው በማዕረግዎ ብቻ በመጥራቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በደብዳቤዎ ሦስት ነገሮችን በአሥራ አራት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳብራራ አዘውኛል፤ የመንግሥት ንብረት የሆነውን መስኮት ለምን እንደሰበርኩ፣ ሃያ አራት ሕፃናትን ለዘጠኝ ደቂቃ ያለ ጠባቂ ለምን ትቼ እንደሄድኩ፣ የበሩንም ብልሽት አስቀድሜ በተገቢው ቅጽ ለምን እንዳላመለከትኩ። መልሴን በሰፈራችን ጋዜጣ ላይ ለማውጣት የደፈርኩት፣ እስከ ዛሬ በግል የላክሁልዎ ሰባት ደብዳቤዎች መንገድ ስተው ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ በሩ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ብጀምር እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ።

የዊላባን ፓርክ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የዛሬ ስልሳ ስድስት ዓመት በእሾህ ሜዳ ላይ ሲከፈት አራት የጡብ ክፍሎች ነበሩት። ተማሪዎቹ ከማልታ፣ ከግሪክና ከጣልያን መጥተው በቄራውና በጎማ ፋብሪካው የተቀጠሩ ሰዎች ልጆች ነበሩ። ዓመታት ቆይተው ከገቡት እንዲህ ካሉ ልጆች አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ልጆች በዝተው መቀመጫ ጠፋና፣ አንድ ቀን ክሬን መጥቶ ሰባት ቁጥር ክፍልን በአጥራችን ላይ አሻግሮ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ አስቀመጠው። ርእሰ መምህራችን ሚስተር ብላይዝ በሜዳው አሰልፈውን፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ "ልጆች፣ ይሄ ጊዜያዊ ነው፤ ሁለት ተርም፣ ግማሽ ዓመት ብቻ፣ ታገሱ፣ ከዚያ ጡብ ቤት ይሠራላችኋል" አሉን። ይህ ከሆነ አርባ ስድስት ዓመት አለፈው። በዚያ ክፍል ሁለት ዓመት ተማርኩ፤ በሃያ ስምንት ዓመቴ አስተማሪ ሆኜ ተመለስኩበት፤ ልጄ ክላውዲያም ማንበብ የለመደችው እዚያው ነው። ሚስተር ብላይዝን ከቀበርን ብዙ ዓመት ሆነን። ጡቡን ግን አሁንም በትዕግሥት እየጠበቅን መሆናችንን እንዲያውቁልን እወዳለሁ።

የሰፈራችን አፈር ጥቁር ሸክላ ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ የልጅ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። አፈሩ ሲሰነጠቅ ምሰሶዎቹ ይሰምጣሉ፣ ክፍሉ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ በሩም መቃኑ ውስጥ ተጣብቆ ይያዛል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማባዛት ሠንጠረዥ ከማወቃቸው በፊት የሚያውቁት ነገር ቢኖር፣ ያንን በር ለመክፈት መጀመሪያ ከታች በእግር መምታት፣ ከዚያ በትከሻ መግፋት እንደሚያስፈልግ ነው። ርእሰ መምህርታችን ጄኒን ኦክሊ ቅጹን በየዓመቱ ሞልታለች። ቅጂዎቹ አሉን፤ ከፈለጉ በጋሪ እናመጣለን። ባለፈው ዓመት ሁለት መልሶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ፖስታ ደረሷት። የመጀመሪያው ክፍሉ ከሚነሡት ሕንፃዎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ ሊጠገን አይችልም ይላል። ሁለተኛው ክፍሉ አገልግሎት የሚሰጥ ስለሆነ ሊነሣ አይችልም ይላል። ጄኒን ሁለቱንም ደግማ አነበበቻቸውና መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ "ሪታ፣ እኔና ክፍሉ ማን ቀድሞ ከዚህ እንደሚወጣ እንጃ" አለችኝ። እንዲህ ያለ ምሉዕ መልስ ስለሰጣችሁን ከልብ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ መስኮቱ። ለሕፃናት ደኅንነት ያላችሁን አሳቢነት ሳልጠቅስ ባልፍ ምስጋና ቢስ እሆናለሁ። ልጆች እንዳይወድቁ ብላችሁ ከአምስት ዓመት በፊት መስኮቶቹ ከአንድ ስንዝር በላይ እንዳይከፈቱ በብሎን አስቸንክራችኋል። መድኃኒት በተሳሳተ እጅ እንዳይገባ ብላችሁ የልጆቹ የአስም መንፊያ ሁሉ በቢሮው ቁም ሣጥን እንዲቆለፍበት አዛችኋል። የክፍሉን ስልክ በአዲስ ለመተካት መስመሩን ቆርጣችኋል፤ የእጅ ስልካችንም በቢሮ እንዲቀመጥ አዛችኋል። የአየር ማቀዝቀዣውን ለጥገና ብላችሁ በኅዳር ወስዳችኋል፤ በመልካም እጅ እንዳለ አልጠራጠርም። እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ሲታይ ነውር የለበትም። ሁሉም በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እስኪገናኙ ድረስ እኔም ተቃውሜ አላውቅም።

በዚያ የየካቲት ሐሙስ ሙቀቱ አርባ ሁለት ዲግሪ ነበር። ከፍ ያሉት ክፍሎች ለዋና ትምህርት ወደ መዋኛ ገንዳ ሄደዋል። እኔና ሃያ አራቱ ልጆች ምሳችንን ጨርሰን ስንገባ ሞቃቱ የሰሜን ነፋስ በሩን ከኋላችን ጠረቀመው። ክፍልፋይ ቁጥሮችን ጀመርን። ጥቂት ቆይቶ ሲና ሳል ጀመራት።

ሲና ፋሌአፋ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። በሩጫ የሚቀድማት የለም፤ ሳቋ ከሜዳው ማዶ ይሰማል፤ አስም አለባት። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር መንፊያዋን የምታመጣ ልጅ ልልክ ወደ በሩ ሄድኩ። በእግሬ መታሁት፣ በትከሻዬ ገፋሁት። ጠንካሮቹ ልጆች መጥተው አብረውኝ ገፉ። ደግሜ ስታገል እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

በመስኮቱ የስንዝር ክፍተት አፋችንን ደቅነን ጮህን። ከሜዳው ማዶ የግቢው ሠራተኛ ትረቨር ሀቸንስ፣ ትረቭ የምንለው፣ ቅጠል የሚነፋውን ማሽን በጀርባው ተሸክሞ የኳስ ሜዳውን ያጸዳል። ከዚያ ማሽን ጩኸት ጆሮውን ለመጠበቅ ሽፋን አድርጓል፤ ይህም የእናንተ መመሪያ ነው፤ ትረቭም መመሪያ አክባሪ ነው።

"ሚስ፣ ትረቭ አይሰማም፤ ጆሮው ላይ ያንን ነገር አድርጓል" አለችኝ የሲና ጓደኛ ዛራ።

"እንግዲያው ባርኔጣችሁን አውለብልቡለት" አልኩ።

ልጆቹ ባርኔጣቸውን ሁሉ በክፍተቷ አውጥተው አውለበለቡ። ትረቭ ቀና ብሎ አየን፤ ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበልንና ሥራውን ቀጠለ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ያንን ሰላምታ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። እሱም እንደማይረሳው ነግሮኛል።

ዘወር ስል የሲና ከንፈር አመድ መስሏል። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝና በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል እያወጣች፣ "ሚስ፣ አየሩ... አለቀ እንዴ?" አለችኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ልጆች ብዙ ነገር ጠይቀውኛል። ይህን የጠየቀኝ ግን የለም። ወንበር አነሣሁና መስኮቱን መታሁት። በመጀመሪያው ምት አልተሰበረም፤ የመንግሥት ንብረት ጠንካራ ነው። በሁለተኛው ተሰበረ።

ሦስተኛ፣ ዘጠኙን ደቂቃ በተመለከተ። ልጆችን ጥሎ መሄድ እንደሚያስጠይቅ አውቃለሁ። መስኮቱ ከመሬት ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ጠርዙ ብርጭቆ ነው፤ ልጅ በዚያ ማውረድ አልቻልኩም። እርዳታ እስኪመጣ እንዳልጠብቅ፣ ሊመጣ የሚችለው ሰው ሰላምታ ሰጥቶን ጀርባውን አዙሯል። መንፊያው ቢሮ ተቆልፎበታል። መንፊያው በቢሮ ይቆለፍ፣ ልጆችም ብቻቸውን አይተዉ የሚሉትን ሁለቱን መመሪያዎች አንድ ላይ ባከብር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ለእርስዎ ሳይሆን ለእናቷ ነበር።

ሲናን በተሰበረው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳትና ዛራን ጠራኋት።

"ቀጥ ብላ ትቀመጥ። እጇን እንዳትለቂ።"

"እስከ መቼ?"

"እስክመለስ።"

ቦርሳዎቻቸውን ጠርዙ ላይ ደርድሬ ወጣሁና ዘለልኩ። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው፤ ከዘለልኩ አርባ ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም። ቁርጭምጭሚቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የሄድኩትን መንገድ ሩጫ ብለው ልጆቼ እንኳ አይጠሩትም። ቢሮ ስደርስ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ በመመሪያው መሠረት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ጸሐፊያችን ሞሪን ዕቃ ልትረከብ ዋናው በር ድረስ ሄዳለች። ከዘጠኙ ደቂቃ አራቱ እሷን ፍለጋ ያለቁ ናቸው፤ በሒሳብዎ ውስጥ ቢያስገቡልኝ ደስ ይለኛል። ስመለስ ትረቭ ፊት ለፊት ገጠመኝ።

"ሪታ፣ ምን ሆነሽ ነው? ደም በደም ሆነሻል እኮ።"

"በሩን ስበረው" አልኩት።

ዲጂኖ አምጥቶ በሩን ከነመቃኑ ነቀለው። ዛራ የሲናን እጅ እንደያዘች ነበረች፤ መንፊያውን ሰጥተን እንኳ አልለቀቀችም፤ ያስለቀቋት የአምቡላንስ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በደብዳቤዎ ላይ "ያለ ጠባቂ" የሚለው ቃል ቢያንስ ለሲና ስለማይሠራ እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሲና አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። እናቷ ላጊ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። እኔ በኮሪደሩ ላይ እግሬ እስኪታሸግ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ ቆመችና፣ "ጠዋት ስሰጥሽ እየሳቀች ነበር" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ምሰሶው፣ ስለ አፈሩና ስለ ቅጹ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ያንን በር ለዓመታት በእግሬ እየመታሁ የምከፍተው እኔ ነኝ። ክፍል እንዲቀየርልኝ ሦስት ጊዜ ጠይቄ፣ በእኔ ቦታ የሚመጣው አዲስ ሰው በሩን አያውቅበትም ብዬ ሦስቱንም ጊዜ ማመልከቻዬን መልሼ የወሰድኩ እኔ ነኝ። በሩን ማወቄን እንደ ሙያ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። በዚህ ጥፋቴ ላይ ማብራሪያ አልጠየቁኝም፤ ሳልጠየቅ እነሆ ሰጥቻለሁ።

የሆነውን ሁሉ ለመናገር ያህል፣ መሥሪያ ቤትዎ በዚህ ጊዜ ያሳየውን ፍጥነት አደንቃለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው የተሰበረውን መስኮት በጣውላ መትተው ዘጉት፤ ስለዚህ ክፍሉ አሁን አንድ መስኮት ጎድሎታል። በሩን ትረቭ በገዛ መሣሪያው መልሶ ገጠመው፤ ያለ ፈቃድ ጠግነሃል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ሲና ተመልሳ መጣች። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆመች። ማንም አልገፋፋትም። ዛራ አጠገቧ ቆመች፤ ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ወርደው ከጎኗ ቆሙ፤ እኔም በክራንቼ ወረድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምንማረው በአዳራሹ በረንዳ ላይ ነው። ነፋስ ወረቀታችንን ይበትነዋል፤ ልጆቹ እየሮጡ ይለቅማሉ፤ ሲና ትቀድማቸዋለች።

ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሰባት ቁጥር ክፍል እንድንመለስ ያስተላለፉትን ትእዛዝ ተመልክቻለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ፣ ከዚያ ሐሙስ በቀር፣ አንድም ትእዛዝ አልጣስኩም። ይህንን ግን አልፈጽምም። ላጊና የሌሎቹም ወላጆች ሰኞ ጠዋት በበረንዳው ላይ አብረውን እንደሚቀመጡ ነግረውኛል። ሊያባርሩኝ ሥልጣን እንዳለዎ አውቃለሁ፤ ፈርቻለሁም፤ ከሥራዬ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ቢሆንም ያቺን ልጅ በዚያ ደረጃ አላወጣትም።

በሥራ ጫናዎ መካከል ይህንን ረዥም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ላነበቡበት ትዕግሥት ያለኝን ምስጋና እያቀረብኩ፣ በሄዱበት ሁሉ የሚቀመጡበት ክፍል አየር ያለው፣ የሚጠሩት ሰው ጆሮ ያለው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ሪታ ፋሩጃ
የዊላባን ፓርክ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህርት

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለሰፈሩ ጋዜጣ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ዕለት የላኩት መርማሪ በሰላም ደርሶ ተመልሷል። በጣም ጨዋ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ የቆየው አራት ደቂቃ ሲሆን፣ "በሩ ያለምንም ችግር ይከፈታል፣ ይዘጋል" ብሎ ጽፏል። ወደ ውስጥ ሲገባ በሩ እንዳይዘጋበት ቦርሳውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ነበር። ሲወጣ ረስቶት ሄዷል፤ ቢሮ አስቀምጠንለታል፤ መጥቶ ይውሰድ።