የተዳፋቱ አፈር ትንፋሽ

አንጋጫ፣ ሰኔ 8 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ሶፊያ ከተማ ላለኸው ወንድሜ ተገኘ፣

ከአገር ርቀህ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዝናብ አግኝተናል፤ ገብሱም በቅሏል።

በማሳችን ላይ ደፍተሃቸው በሄድካቸው የቆርቆሮ ጣሳዎች የአፈሩን ትንፋሽ እንዳሳየኸኝ እስከ ግንቦት ድረስ በየሳምንቱ ለክቻለሁ። ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዳገቱ አናት ይልቅ ከግርጌው እጥፍ ነው። አናቱን ጎርፍ አጥቦት ቀዩ ወጥቷል። ጥቁሩ አፈር ወርዶ እታች ተከማችቷል፤ አብዝቶ የሚተነፍሰውም እሱ ነው።

በግንቦት መጨረሻ የቀበሌው ካድሬ ማሳው ድረስ መጥቶ አንዱን ቆርቆሮ በእግሩ ገለበጠው።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ።

"የአፈር ትንፋሽ መለኪያ ነው" አሉት አባባ።

"ማነው ያስቀመጠው? ውጭ አገር ያለው ልጅህ ነው?"

"እሱ አያውቅም። እኔ ነኝ" አሉ አባባ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ የሚያድሩት ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ስንቃቸውን ጠዋት ጠዋት አደርስ ነበር። ትናንት ግን ዘበኛው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰልኝና "ከእንግዲህ አትድከሚ" አለኝ። ጋቢያቸውንም አጥፎ ሰጠኝ። ቤት አምጥቼ አጠብኩት።

ለክረምት እመጣለሁ ያልከውን አሰብኩበት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለተኛውንም ዲግሪ እዚያው ቀጥል። ሥራ ብታገኝም እሺ በል። ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ ልኬዋለሁና ካነበብከው በኋላ አታስቀምጠው።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ "አባቱ ደህና ነው ብለሽ ጻፊለት" ትለኛለች።

በሄድክበት ሁሉ ሰላም ይከተልህ።

እህትህ ገነቴ