የባሌን እንግሊዝኛ ሳርም

ጥቅምት 4
ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሰው እንግሊዝኛ ማረም… ዓይኔ ደከመ። ደግሞ እራት ላይ ባሌ ወረቀት ዘረጋልኝ። ለሚሠራበት የሊፍት ጥገና ክፍል ኃላፊ ሊመረጥ ነው፤ እሱም ይወዳደራል። ከውጭ የመጡት መሐንዲሶች ፊት ቆሞ ስለ ሥራው በእንግሊዝኛ ይናገራል። ስንት ዓመት የተመኘው ቦታ! «እስቲ እይልኝ፣ የኔ መምህርት» አለ።

አየሁለት። ወይ ጉድ! «አይ ሂር ሞተር፣ አይ ኖው ሲክ» ይላል። የሞተሩን ድምፅ ሰምቼ ሕመሙን አውቃለሁ ለማለት ነው። ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ።

ጥቅምት 6
ግሱን አስተካከልኩ፣ ቃሉን መረጥኩ… አንዱን ሳቃና ሌላው አላምር እያለኝ፣ የራሱ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር አልቀረም። «ይሄ ብልሽት መለየቱን ዲያግኖስቲክ የምትይው አፌ ላይ አይዞርም» አለ።

«ተለማመዳ! ጥርሱን የነቀሉት ሰው መሰልክ እኮ» አልኩት። ምን አስቀለበለበኝ?

ጥቅምት 9
እህቱ ልትጠይቀን መጣች። ፊቷ ቆሞ አነበበላት። በየቃሉ አቋረጥኩት።

«ኧረ ተይው ይጨርስ፣ ወንድሜን ላብ አጠመቀው እኮ!»

«እዚያ ከሚዋረድ እዚህ ይዋረድ» አልኳት።

እንደዚያ ነው ያልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ጥቅምት 12
ንግግሩ ዛሬ ነበር። ቦታውን አፈ ጮሌው ለሚሉት ባልደረባው ሰጡት። የሱ እንግሊዝኛ ከባሌም የባሰ ነው አሉ። ግን ተናገረ… በአፉም በእጁም።

ባሌ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብሎ ቆመ።

«ምነው? ጠፋብህ?»

«አልጠፋብኝም። ያንቺ ድምፅ መጣብኝ። ተሳሳትክ ስትይኝ።»

አልተቆጣም። ምነው በተቆጣኝ! ጫማውን አውልቆ ተኛ።

ጥቅምት 13
ይቅርታ ልለው ብዬ አፌ ተሳሰረ። እኔ! ወሬ የማያልቅብኝ ሴትዮ።

ጥቅምት 17
ይቅርታ አልኩት። «ተይው፣ ለኔው ብለሽ ነው» አለኝ። ለሱ ብዬ ነበር? ወይስ አዋቂ ለመባል? ቢሮ የሰው ጽሑፍ ሳርም ጸሐፊው አጠገቤ የለም… ፊቱን አላይም። የባሌን ፊት ግን አይቼ ነበር። አይቼ ቀጠልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

ኅዳር 2
ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ባሌ በእንግሊዝኛ ያወራል። እህቱ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል፣ ሁለቱም ይሳሳታሉ፣ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ሌላ ድርጅት ሊወዳደር እየተለማመደ መሰለኝ። ለኔ ትንፍሽ አላለም። ይህን ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ገባሁ። ጸጥ።

«ቀጥሉ እንጂ» አልኩ።

«ጨርሰናል» አለ ባሌ፣ ወረቀቱን በመዳፉ ሸፍኖ። ከኔ ነው የሚሸፍነው።

ዳቦ ልግዛ ብዬ ተመልሼ ወጣሁ። ቤት ዳቦ ሞልቶ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ… ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ የባሌ እንግሊዝኛ ተመለሰ።