ላስቲኩ ላልተነሳለት የልብ መሣሪያ ባለአደራ

ይድረስ ለጅግጅጋው አዲስ የልብ ሕክምና ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎ እንዴት ሰነበቱ? በተለይ ልብዎ በደህና እንደሚመታ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የስፖርት መምህሩ የዘካሪያ እኅት ሂንዳ ነኝ። ወንድሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ ማዕከልዎ ውስጥ ብዙ አልቆየምና። ስለተደረገልን መስተንግዶ ግን በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ስለ በሩ። ዘካሪያ ጉንፋን ነው እያለ ሲያስተምር ሰንብቶ ሜዳው ላይ ወደቀ። ተሸክመን ስናመጣው ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ዶክተር ፀጋ መርምራው፣ «የልቡ ጡንቻ ክፉኛ ተቆጥቷል። ደሙን አውጥቶ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስ መሣሪያ አለን። ጥቂት ቀን ልቡን ካሳረፈለት ሊያገግም ይችላል» አለችኝ። እርስዎ ሪባን ሲቆርጡለት በቴሌቪዥን ያየሁት መሣሪያ መሆኑን ስሰማ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ክፍሉ ግን ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉም እርስዎ ዘንድ በክብር ተቀምጧል።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ዶክተሯ ቢሮዎ ድረስ ሮጣ ስትለምንዎ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። «ሐሙስ እንግዶች ሊጎበኙት ይመጣሉ፤ እስከዚያ የተሸፈነበት ላስቲክ አይነሳም» አሏት። «ልጁ እኮ እስከ ሐሙስ አይቆይም!» ብላ ጮኸችብዎ። እርስዎ ግን ድምፅዎን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ ስትወጣ በሩን እንድትዘጋው በትሕትና ነገሯት። እንዲህ ያለ እርጋታ ለሁሉም አይሰጥም።

ሦስተኛውን እንዴት ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። የዘካሪያ ልብ ሲቆም ዶክተሯና ነርሶቹ እየተፈራረቁ ደረቱን በእጃቸው ተጫኑለት። መሣሪያው ሊሠራ የሚገባውን በክንዳቸው ሊሠሩለት ሞከሩ፤ እስኪዝሉ ድረስ። አልተመለሰም። ተማሪዎቹ የስፖርት ልብሳቸውን እንደለበሱ ግቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወጥቼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ሥራ ለእርስዎ ባለመተዌ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ ነው።

ሐሙስ እንግዶችዎ መጡ፣ አዩ፣ አጨበጨቡ። መሣሪያው ጭረት እንኳ አልነበረበትም። እንኳን ደስ አለዎት።

የመንግሥት ንብረት አያያዝዎን በየሄድኩበት የማወራልዎ፣ ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣

ሂንዳ ባሬ፣ ከጅግጅጋ

ማስታወሻ፦ ዶክተር ፀጋን ስለጮኸችብዎ ወደ ሩቁ አፍደም ወረዳ እንዳዛወሯት ሰማሁ። መሣሪያውን ማንቀሳቀስ የሠለጠነች ሐኪም እሷ ብቻ ነበረች። እንግዲህ በሩን መቆለፍ አያስፈልግዎትም።