የቁስቋም ሴቶች መልስ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን የሚያምሽ ነገር ቀለል አለልሽ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከእንጦጦ ብርድ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ እመቤቴ ትመስገን። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትዪኝ ይሆናል። ድምፅሽን ከሰማሁ የማልናገረው ነገር ስላለ ነው።

መሥሪያ ቤትሽ ያሠራንን ጥናት አንቺ ነሽ ያገኘሽልኝ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ስፌት ከተማሩ በኋላ ኑሯቸው ተለውጧል ወይ የሚለውን። አብሮኝ የሚሠራው አክሊል ኅብረተሰብ እንደ ዝናብ ይለካል ብሎ የሚያምን ልጅ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቢ፣ ስሜትሽን አታስገቢ፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰው ለኑሮው የሚሰጠውን ትርጉም ካልተረዳሁ ምንም አላወቅሁም ባይ ነኝ። ቤቱ ገብቼ፣ አብሬው ቁጭ ብዬ፣ ከራሱ አንደበት መስማት አለብኝ። በዚህ ስንጨቃጨቅ ከረምን።

የአክሊል ውጤት ወጣ። ከአሥሩ ሴቶች ዘጠኙ እንጨት መሸከም ትተዋል ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከነከነኝ። ጠዋት ጠዋት በደጄ የሚያልፉት ተሸካሚዎች አልቀነሱማ። ቢሮ ቁጭ ብሎ የፈጠረው መስሎኝ አክሊልን ጠረጠርኩት። አብሬህ ልዙር ብዬ ቤት ለቤት ተከተልኩት። እሱ ንጹሕ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው መሬት መሬት እያዩ፣ ሁሉም በአንድ ቃል፣ ትተናል፣ ኑሯችን ተሻሽሏል ይሉታል።

እንግዲያው በኔ መንገድ ይሞከር ብዬ ደሳለች የምትባል እናት ቤት መመላለስ ጀመርኩ። ድንች እየላጥን ስለ ባሏ ሞት፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ወገቧ ሕመም ሁሉንም አጫወተችኝ። እንጨቱንስ ስላት ትቻለሁ አለች። አመንኳት፤ አሳምሬም ጻፍኩት። በሳምንቱ ከእጽዋት ማዕከሉ በላይ ባለው ቁልቁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ስትወርድ ተገጣጠምን። ፊቷን አዞረች።

ለአክሊል ስነግረው አልሳቀብኝም። ሁለታችንንም ዋሽተውናል፣ እኔን ባጭሩ፣ አንቺን በረጅሙ አለኝ።

መምህራችን አቶ ለሊሳ ዘንድ ሄድን። እሳቸው ሌላ መንገድ አላቸው። መለካቱም መረዳቱም ደግ ነው፣ ግን በጠያቂና በተጠያቂ መሀል ሥልጣኑ የማን እንደሆነ መጀመሪያ እዩ፤ ሌላ መልስ የሰጠች ሴት ምን ታጣለች? አሉን።

ደሳለች ቤት ተመለስኩ። ያን ቀን፣ እሸከማለሁ ብትዪኝ ኖሮ ምን ይደርስብሽ ነበር ብዬ ብቻ ጠየቅኋት። ተነሥታ በሩን ዘጋች። በኋላ፣ እንጨት ላይ ነኝ ያለች ከስፌቱ ትወጣለች ነው የተባልነው አለችኝ። የሰፋችው ልብስ ገዢ ስላላገኘ ጠዋት እንጨት፣ ከሰዓት ስፌት ነው ኑሮዋ። ማን እንዲህ አለሽ ስላት ስም አልጠራችም። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ተቆጥታም አልነገረችንም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች አለችኝ።

እናታችንም ስትስቅ እንደዚያ ነበረች።

እትዬ፣ እውነቱ ከተጻፈ ሥራው ይዘጋል፣ የስፌት መኪናዎቹም ይወሰዳሉ ብሎ የሚፈራ ሰው እንዳለ ይገባኛል። ለሴቶቹ አስቦ ይሆናል። ለራሱም ይሆናል። እኔ አላውቅም። ማታ ማታ እየደወልሽ ሴቶቹ ምን አሉሽ ስትዪኝ ለኔ ያሰብሽ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ አጥኚ እኔን ስትመርጪም ጎበዝ ስለሆንኩ ነው ብዬ ኮርቼ ነበር።

ከአክሊል ጋር ተስማምተናል። ቁጥሩንም፣ የሰማነውንም፣ ሴቶቹ የፈሩትንም እንጽፋለን። ማንም ሴት በመልሷ ከስፌቱ እንዳትወጣ ጽሑፉ ላይ ጠይቀናል። ያስጠነቀቀቻቸውን ሴት ማንነት አናነሳም። ሰኞ እናስገባለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁስቋም ደጃፍ እቆያለሁ። ብትመጪ ምንም አልጠይቅሽም፤ አንቺው ትነግሪኛለሽ።

ደሳለች ያልኩሽም ስሟ ደሳለች አይደለም። ካንቺ ስም ስደብቅ የመጀመሪያዬ ነው።

እመቤታችን ጤናሽን ትመልስልሽ፣ ልጆችሽን በጥላዋ ታሳድግልሽ።

ያሳደግሻት ታናሽ እህትሽ