ከቅስቱ ሥር ስለማያልፈው ትራክተር

ይድረስ ለተከበሩ የመኖሪያ ግቢያችን ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ትራክተሩን ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ተቀምጠውበት፣ ራሳቸው ለመረቁልን፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎና ጉልበትዎ፣ በተለይም አቤቱታ በቀረበ ቁጥር የሚከዳዎት ጆሮዎ፣ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ታላቅ እህቴ ግን ክረምቱ ከገባ ወዲህ ፀሐይ ጠግባ ሞቃ አታውቅም፤ ይህንንም የምጽፍልዎ ስለ እሷ ነው።

እንደሚያውቁት ፊደል የለየሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ለዚህም ባለውለታዬ እርስዎ ነዎት። በየስብሰባው እጄን ሳወጣ «እማማ፣ በቃል የቀረበ ነገር አናይም፤ በጽሑፍ ያቅርቡ» እያሉ፣ መጻፍ እንደማልችል እያወቁ፣ በፈገግታ ያስቀምጡኝ ነበር። ጎረቤቶቼም ይስቁ ነበር። እነሆ ተምሬ በጽሑፍ አቀረብኩ። ለሁሉም እንዲመች ደግሞ በረንዳው ምሰሶ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ መሳቅ የለመደ አንብቦ ይሳቅ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫዎ ጥበብ ላመስግንዎ። ለግቢ ሥራ ትንሽ ትራክተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጠባቡን መተላለፊያ ይለካል፣ ዳገቱንና ጭቃውን ያያል፣ ምን እንደሚያሠራውም ያስባል ሲባል እሰማ ነበር። የእርስዎ ኮሚቴ እንዲህ ባለ ተራ ነገር አልደከመም። በሻጩ ግቢ፣ አስፋልት ላይ፣ በየተራ መቀመጫው ላይ ወጥታችሁ መሪውን እያዞራችሁ ማን ላይ እንደሚያምር ተያያችሁ። እርስዎ ላይ አማረ፤ በዚሁ ተገዛ። ሜትር ይዞ የሄደ ሰው አልነበረም፤ ፎቶ አንሺ ግን ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለውን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛልና ልለፈው።

ሁለተኛ፣ «ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል» ብለው ስላወጁልን። ለሣሩ ማጨጃ፣ ለጭቃው የፊት አካፋ መጣለት፤ እሰየው። ከሁሉም የገዘፈው ግን የበረዶ መጥረጊያው ነው። በዚህ ግቢ በረዶ የሚታየው ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው። ሻጩ «ለአራቱም ወቅት» ሲልዎ አንድ ወቅት እንዳይጎድልብን አዝነውልን ይሆናል። ለማንኛውም ልጆች እየተንሸራተቱበት ነውና ሥራ ፈት ነው ብዬ አላማውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅስቱ። ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኘው ቅስት ከተሠራ ጀምሮ አንድም ቀን ከፍም ዝቅም ብሎ አያውቅም። የጓሮው መንገድ በእሱ ሥር እንደሚያልፍ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው እህቴም ደረጃ ሳያግዳት የምትወጣበት መንገድ እሱ ብቻ እንደነበር ግቢው ሁሉ ያውቃል። ትራክተሩ በመጣ ዕለት ከመቀመጫው ጀርባ የቆመው ብረት ሄዶ ቅስቱን ገጨ። ብረቱ እንኳ ታጣፊ ነው፤ ሻጩም አጥፎ አሳይቷችሁ ነበር አሉ። ነገር ግን የማኅበሩና የእርስዎ ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ እላዩ ላይ ስላስበየዱበት አልታጠፍ አለ። ሾፌሩ «ሰሌዳው ይነሳና ልለፍ» ቢልዎ «ስም አይታጠፍም» አሉት፤ ትራክተሩም ጓሮውን ሳያይ ቀረ። ትልቅ አባባል ነው። ስምዎ ቀና ብሎ እንዲሄድ እህቴ ተኝታ ትዋል።

ትራክተር መጣ ተብሎም ጓሮውን በማጭድ ያጸዱልን የነበሩት ሁለቱ አትክልተኞች ተሰናበቱ። ከእጅ አይሻል ዶማ ይባላል፤ የእኛው ዶማ ጭራሽ እጁንም አስቆረጠን። ሣሩ ጉልበት ሲደርስ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማጭድ አንስቼ፣ ጎንበስ ቀና እያልኩ፣ ከጓሮ በራችን እስከ ቅስቱ ድረስ አጨድኩ። በማግስቱ ፎቶ አንሺዎ ከተፍ አለ፤ ፎቶውም «ትራክተራችን ያጸዳው መንገድ» ተብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። በዘመኔ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ትራክተር ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ዝናቡ በረታ፤ ጭቃው የወንበሯን ጎማ ዋጠ፤ እኔም ማጭድ እንጂ የፊት አካፋ የለኝምና ተሸነፍኩ።

አራተኛውና የመጨረሻው የበረንዳው ነገር ነው። በፊት በራችን በኩል ያሉት ደረጃዎች ወንበር በሚያወጣ መወጣጫ ይተኩልን ብዬ ስለምንዎ ዓመታት አለፉ። መልስዎ «የሕንፃውን መልክ ያበላሻል» የሚል ነበር። ትራክተሩ ከዝናብ መጠለያ ሲያሻው ግን የእኛው በረንዳ ተመረጠለት፤ ደረጃዎቹ ፈርሰው ለስላሳ የሲሚንቶ መወጣጫ ተሠራለት። የሕንፃውም መልክ፣ እግዜር ይመስገን፣ አልተበላሸም። ግድግዳው ላይ «ከትራክተር በቀር ማለፍ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ለእህቴ ሳነብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «አንቺ ልጅ፣ ጎማ እንደሆነ እኔም አለኝ። ምናልባት እንደ ትራክተሩ ቀይ ብቀባ ያሳልፉኝ ይሆናል» አለች።

ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር በዚያ መወጣጫ ይዣት እወጣለሁ። ሳትሞቅ ጥበቃው ይመጣል፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁን እያሻሸ «እማማ፣ የታዘዝኩትን ነው፤ ትራክተሩ ሊታጠብ ነው፤ እትዬን ጠጋ ያድርጉልኝ» ይላል። አንድ ቀን ይታጠባል፤ አንድ ቀን ፎቶ ይነሳል፤ አንድ ቀን እንግዳ ይጎበኘዋል። ከማረስና ከማጨድ በቀር ያላየው ክብር የለም። እኔም እህቴን አንስቼ ወደ ጨለማው ክፍል እመልሳታለሁ። በሰማንያ ዓመቷ ለብረት መንገድ የምትለቅ ሴት ከዚህ ግቢ በቀር የት ትገኛለች? ይህንንም ታሪክ ስላሠሩልን እጅ እነሳለሁ።

እንደ ሰሌዳዎ በማይታጠፍ፣ እንደ ትራክተርዎም በቅስት ሥር በማያልፍ ከፍ ያለ አክብሮት፣

ጓሮውን ያጸዳችው ትራክተር፣
ከምድር ቤት

ማሳሰቢያ፦ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ፀሐይ በወጣ ቁጥር የእህቴ ወንበር መወጣጫው መካከል ይቆማል፤ ፍሬኑም ይያዛል። ትራክተሩ መውረድ ካማረው እሷን ያስፈቅድ፤ ሰው አክባሪ ናት፤ ብቻ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብ። እኔ ማጭዴን ሰቅያለሁ። እህቴንም ከእንግዲህ ለማንም ብዬ አላነሳትም።